ሐዋሳ ወይስ ሰመራ? የመሐንዲሱ ደመወዝ ሲመነዘር

“ብልጫ የሰጠህን ያዝ! ይሄ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?”

ይህን ያሉት በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ፣ ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አባት ናቸው። የተናገሩት ለመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ልጁ የሰባት ዓመት ልምድ ያለው መካኒካል መሐንዲስ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቤት ይኖራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ደርሶታል። አንደኛው ከሐዋሳ፣ ከአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። ቦይለሩን፣ ኮምፕሬሰሩንና ጄኔሬተሩን በኃላፊነት እንዲይዝ በወር 38,000 ብር ሊከፍሉት ነው። ሁለተኛው ሰመራ አካባቢ መንገድ ከሚሠራ ሥራ ተቋራጭ የመጣ ነው። የማሽነሪ ጥገና ኃላፊ ሆኖ በወር 52,000 ብር፣ በዚያ ላይ 6,000 ብር የበረሃ አበል፣ መኝታና ምግብም በካምፕ።

ለአባት ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዕቃ የሚሸጠው ብልጫ ለሰጠ ነው። ልጁ ግን፣ “አባዬ፣ እርስዎ ከዱባይ ዕቃ ሲያስመጡ የመግዣውን ዋጋ ብቻ አይተው ያዛሉ እንዴ? ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ መጋዘኑስ?” አላቸው። አባት ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ካልኩሌተራቸውን አነሱ።

የዛሬው የገበያ ገጻችን ያንን ሒሳብ ይከተላል። ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳዋል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ መሐንዲስ የሆነ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ በክልል ከተማ ፋብሪካ የተከለ ወይም ለመትከል ያሰበ ባለሀብት፣ መሐንዲስ ቀጥሮ በሦስተኛው ወር “ሄደብኝ” ሲል መስማት የተለመደ ነው። መሐንዲሱ ለምን እንደሚመጣና ለምን እንደሚሄድ የሚታወቀው የእርሱ ሒሳብ ሲታወቅ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የደመወዝ፣ የኪራይና የወጪ ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተጠጋጉ የአንድ ቤተሰብ ቁጥሮች ናቸው። የግብሩ፣ የጡረታውና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ቁጥሮች ግን በአዋጅ የተደነገጉ ስለሆኑ ሁሉም አንባቢ ለራሱ ሊጠቀምባቸው ይችላል።

ሁለቱ ከተሞች

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቁ ዳር የተቀመጠ ከተማ ነው። በህዳር 2012 ዓ.ም. ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ወር የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆኗል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማውን የመካኒካል፣ የኤሌክትሪክና የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲሶች መፈላለጊያ አድርጎታል።

ሰመራ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያስወጣ ነጋዴ ሁሉ ያውቃታል፤ ከጋላፊ ወደ ሚሌ የሚወርደው የከባድ መኪና ሰልፍ በአጠገቧ ያልፋል። ከፍታዋ ከ500 ሜትር በታች ነው። በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ይህ ሙቀት በሰው ላይ ብቻ አይደለም የሚበረታው። ሞተር ቶሎ ይግላል፣ ጄኔሬተር በወረቀት ላይ የተጻፈውን ኃይል ያህል አይሰጥም፣ ጎማና ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ለጥገና ኃላፊ ይህ ማለት ሥራው እጥፍ ነው ማለት ነው።

ወባን በተመለከተ ብዙ ሰው ሰመራን ብቻ ይፈራል። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ሥፍራ በመሆኑ ሐዋሳም ከዚሁ ውጪ አይደለችም። ስለዚህ ለሁለቱም ቀጣሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሕክምናውን ማን ይሸፍናል? ሠራተኛውን ብቻ ወይስ ቤተሰቡንም?

ከአንዲት ብር 58 ሳንቲም

ሁለቱ ደመወዞች በ14,000 ብር ይበላለጣሉ። አባት መጀመሪያ የያዙት ይህንን ቁጥር ነበር። ሆኖም ይህ ቁጥር ግብር ያልተነሳለት ነው።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው በሙሉ 35 በመቶ ነው። ደመወዙ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ሰው በአጭሩ ሊያሰላ ቢፈልግ ሙሉ ደመወዙን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር ይቀንስለት፤ የሚቀረው ግብሩ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርለታል።

ሐዋሳ፦ ከ38,000 ብር ላይ ግብር 11,250፣ ጡረታ 2,660። እጅ የሚገባው 24,090 ብር ነው።

ሰመራ፦ ከ52,000 ብር ላይ ግብር 16,150፣ ጡረታ 3,640። እጅ የሚገባው 32,210 ብር ነው።

የ14,000 ብሩ ልዩነት እጅ ላይ ሲደርስ 8,120 ብር ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ የደመወዝ እርከን ላይ ከምትጨመር እያንዳንዷ ብር 35 ሳንቲሙ ለግብር፣ 7 ሳንቲሙ ለጡረታ ይነሳና ለሠራተኛው የምትደርሰው 58 ሳንቲም ናት። ሁለት ደሞዝ የሚያወዳድር መሐንዲስ ከሌላው ሁሉ በፊት ልዩነቱን በ0.58 ያባዛ።

የበረሃ አበሉስ? አበል ከግብር ነፃ የሚሆነው በመመሪያ በተወሰነለት መጠን ድረስ ነው። 6,000 ብሩ በሙሉ ነፃ ከሆነ 6,000 ይደርሰዋል። በሙሉ ግብር ከተነሳበት ግን 3,900 ብር ብቻ ነው። አባት፣ ነጋዴ እንደመሆናቸው፣ “ያልተረጋገጠውን በዝቅተኛው ያዝ” አሉ። ስለዚህ 3,900 ተያዘ። የሰመራው ገቢ 36,110 ብር ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ጎጆ፣ አንድ ኪስ

ቀጣዩ ጥያቄ ቤተሰቡ የት ይኖራል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ የተገለበጠው።

የመሐንዲሱ ባለቤት አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥራ በወር የተጣራ 11,000 ብር ታገኛለች። የቤት ኪራያቸው 18,000 ብር ነው። ሐዋሳ ከሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ተያይዞ ይሄዳል። ተመጣጣኝ ቤት በ9,000 ብር አግኝተዋል፤ ነገር ግን እሷ ሥራዋን ትለቃለች። ሰመራ ከሆነ እሱ በካምፕ ያድራል። እሷና ልጆቹ አዲስ አበባ ይቀራሉ፤ ሥራዋም አይነካም። በአንጻሩ በወር አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ለመመላለስ 3,000 ብር፣ ቤት በሁለት ሲከፈል ለሚመጣው ትርፍ ወጪ ደግሞ 4,000 ብር ይያዛል። የልጆቹ ትምህርት ቤት ወጪ በሁለቱም በኩል እኩል ነው ብለን እንለፈው።

ሐዋሳ፦ 24,090 ሲቀነስ ኪራይ 9,000። ለቀረው ኑሮ የሚተርፈው 15,090 ብር።

ሰመራ፦ የእሱ 36,110 እና የእሷ 11,000 ሲደመር 47,110። ኪራይ 18,000፣ ጉዞ 3,000፣ ትርፍ ወጪ 4,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 22,110 ብር።

ልዩነቱ በወር 7,020 ብር ነው። ሰመራ አሁንም ታሸንፋለች፤ አበሉ በሙሉ ከግብር ነፃ ሆኖ ከተገኘም ብልጫዋ 9,120 ይደርሳል። አባት ካልኩሌተሩን ሊያስቀምጡ ሲሉ ልጁ፣ “እሷ ሐዋሳ ላይ ሥራ ብታገኝስ?” አለ። በወር የተጣራ 8,000 ብር የምታገኝበት ሥራ፣ ማለትም አሁን ከምታገኘው የሚያንስ፣ ቢገኝ የሐዋሳው ትርፍ 23,090 ብር ይሆናል። ሰመራን በ980 ብር ይበልጣል!

እንግዲህ የዚህ ምርጫ ቁልፍ ደብዳቤዎቹ ላይ በደማቁ የተጻፈው 38,000 እና 52,000 አልነበረም። ቁልፉ በሁለቱም ደብዳቤ ላይ ያልተጻፈው የባለቤቱ ሥራ ነው። አባት፣ “ለመሆኑ እሷን ጠይቀሃታል?” አሉ። አልጠየቃትም ነበር።

“ውሉን አንብበህ ፈርም”

ደመወዝ በየወሩ የሚቆጠር ነው፤ ስንት ወር ይቆጠራል የሚለው የሚገኘው ከውሉ ነው።

የሐዋሳው ውል ላልተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው። የሰመራው ለተወሰነ ሥራ ነው፤ ፕሮጀክቱ ለ18 ወር ታቅዷል። ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። በ18 ወር ውስጥ የሰመራው ብልጫ 7,020 በ18 ተባዝቶ 126,360 ብር ይሆናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይሁንና ፕሮጀክቱ አልቆ መሐንዲሱ ሥራ ፈት ቢቀመጥ ቤቱ በእሷ 11,000 ብር ብቻ 18,000 ብር ኪራይ መሸፈን አለበት፤ በየወሩ 7,000 ብር ይጎድላል። በዚያው ጊዜ ሐዋሳ ሆኖ ቢሆን 15,090 ይተርፈው ነበር። የሁለቱ ርቀት በወር 22,090 ብር ነው። ስለዚህ ሥራ ፈትቶ የሚቆይበት ስድስተኛው ወር ሳያልቅ የ18 ወሩ ብልጫ ተሟጦ ያልቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሰመራ ቢሄድም ብልጫውን በየወሩ ለብቻው ያስቀምጣል እንጂ በእሱ ላይ ኑሮውን አያሰፋም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሁለቱም ክልሎች አንድ ነው። መሐንዲሱ ከመፈረሙ በፊት ከዚህ አዋጅ አራት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ የለበትም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው ብቁ አይደለም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ ቤት አስለቅቆ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ፣ ዕቃ በአይሱዙ ጭኖ ሐዋሳ የሚገባ ሰው ይህ ጊዜ እስኪያልፍ ብቻውን ቢሄድ ይሻለዋል። ባለቤቱም የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ከዚያ በፊት ባታስገባ ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ሲሠራ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። በመንገድ ሥራ ላይ እሑድም ግሬደሩ አይቆምም፤ ስለዚህ ይህ አንቀጽ ከአበሉ የበለጠ ገንዘብ ሊይዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማዕረጉ ራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበትና የመሳሰለው ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። “ማናጀር” የሚለው ስም ደስ ይላል። ነገር ግን ከስሙ ጋር እንዲህ ያለ ሥልጣን ከተሰጠ የትርፍ ሰዓትና የስንብት ክፍያ ጥያቄው ከዚህ አዋጅ ጥበቃ ይወጣል። ያኔ የሚያድነው በውሉ ላይ በግልጽ የተጻፈው ብቻ ነው። መሐንዲሱ የሥራ ዝርዝሩን ሳያይ በማዕረጉ ብቻ ደስ ብሎት አይፈርም።

አራተኛ፣ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ለካምፕ ሠራተኛ ግን የዓመቱ ፈቃድ አይበቃም። በየስንት ሳምንቱ ስንት ቀን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ፣ የመንገዱ ቀን ከዕረፍቱ ይቆጠር እንደሆነ፣ ትራንስፖርቱን ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይጠይቅ። ከሰመራ አዲስ አበባ በመኪና ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ይበላል። የሦስት ቀን ፈቃድ የተሰጠው አባት ልጆቹን የሚያየው አንድ ቀን ነው።

ከቀጣሪው ጀርባ ያለው ከፋይ

ነጋዴ ዱቤ ሲሰጥ የተበዳሪውን ብቻ ሳይሆን የተበዳሪውን ደንበኛም ይጠይቃል። ደመወዝም እንደዚሁ ነው። ቀጣሪው ብሩን ከየት ያገኛል?

የሥራ ተቋራጩ ገንዘብ የሚመጣው ከአሠሪው መሥሪያ ቤት ነው። የተሠራው ሥራ ይለካል፣ አማካሪ መሐንዲሱ ይፈትሸዋል፣ የክፍያ ሰርተፍኬት ይጸድቃል፣ ከዚያ ክፍያው ይለቀቃል። በዚህ ሰንሰለት ላይ አንዱ ቀለበት ሲዘገይ የካምፑ ደመወዝ ይዘገያል። የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ ሲንርም ተቋራጩ በውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ከሌለው ከኪሱ ይከስራል። ሁለት ወር ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ ለድርጅቱ ያለ ወለድ አበድሯል ማለት ነው። ለመሐንዲሱ የሚሻለው ከመፈረሙ በፊት ካምፑ ውስጥ ላሉ ሁለት ሦስት ሠራተኞች ደውሎ “ያለፈው ወር ደመወዝ በስንተኛው ቀን ገባ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ደብዳቤ ትበልጣለች።

የፋብሪካው ገንዘብ ደግሞ ከውጭ ገበያ ይመጣል። ሐዋሳ ይህንን በቅርቡ አይታዋለች። በአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ፣ ኢትዮጵያ ከታህሳስ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ስትሰረዝ ቀረጥ ተጣለበት። ከዚያ ቀደም ብሎ በህዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። “ላልተወሰነ ጊዜ” የሚለው ውል የአንድ አገር ቀረጥ ሲቀየር ይወሰናል! ስለዚህ ለሐዋሳው ቀጣሪ የሚቀርበው ጥያቄ፣ ምርታችሁ ወደየትኛው አገር ይሄዳል? ገዢዎቻችሁ ስንት ናቸው? የሚል ነው። ሦስት ገዢ በሁለት አህጉር ያለው ፋብሪካና አንድ ገዢ ብቻ ያለው ፋብሪካ እኩል ደመወዝ ቢከፍሉ እንኳ እኩል ሥራ አልሰጡም።

በሌላ በኩል ላኪ የሆነ ፋብሪካ ገቢው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ለሚያስገባው ድርጅት እያንዳንዱ ዶላር ብዙ ብር አመጣ፤ በብር ተዋውሎ መለዋወጫ በዶላር የሚገዛው ተቋራጭ ደግሞ ተጨነቀ። ደመወዝ ጭማሪ የመጠየቅ አቅም የሚለካው በዚህ ነው። መሐንዲሱ ዛሬ የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን ኑሮ ሲወደድ ቀጣሪው ሊጨምርለት የሚችል መሆኑን ያይ።

ነገ ተመልሶ የሚሸጠው ሙያ

ዕቃ የሚገዛ ሰው ተመልሶ ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቃል። የሁለቱ ሥራዎች ልምድም የመልሶ መሸጫ ዋጋ አለው።

በሐዋሳ የሚገኘው ልምድ የእንፋሎት፣ የታመቀ አየር፣ የመጠባበቂያ ኃይልና የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። ይህን የሚፈልገው ጨርቃ ጨርቅ ብቻ አይደለም። ቢራ፣ ወተት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ መድኃኒት፣ ቆዳ፣ ወረቀት ሁሉም ቦይለርና ኮምፕሬሰር አላቸው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት አዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው። ልምዱ ወደ ቤት የሚያስመልስ ነው።

በሰመራ የሚገኘው የዶዘር፣ የግሬደር፣ የኤክስካቫተርና የሎደር ዕውቀት ነው። የማሽነሪ ኪራይ ላይ ያለ አንባቢ ይህ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያውቃል። ማሽን በእጁ ሲቆም ቀኑን ሙሉ ኪራይ የሚያጣ ባለሀብት፣ “የትኛው ክፍል ተበላሸ፣ በስንት ሰዓት ይነሳል?” ለሚለው ትክክለኛ መልስ የሚሰጠውን ሰው በብር ይለካዋል። ለዚህ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አባት መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። በበረሃ 18 ወር የቆየ ልጅ የትኛው ማጣሪያ፣ የትኛው ጋስኬት፣ የትኛው የሃይድሮሊክ ቱቦ ቶሎ እንደሚያልቅ ይዞ ይመለሳል። አባት ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው፣ “ይሄንንስ ካልኩሌተሩ አያውቀውም” አሉ።

በሁለቱም በኩል ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። በየስድስት ወሩ የሠራውን በማስረጃ ይያዝ፤ ስንት ማሽን በኃላፊነት ያዘ፣ የቆመበት ሰዓት ከስንት ወደ ስንት ወረደ፣ ምን ተከለ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ “ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርቷል” የሚል ብቻ ከተጻፈ የነገ ቀጣሪ የሚገዛው ቀን ቆጠራ ይሆናል።

ባለሀብቱ ከዚህ ምን ይማራል?

አሁን ጠረጴዛውን እናዙረው። የሐዋሳው ፋብሪካ ይህን መሐንዲስ ቢፈልገው ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው ሐሳብ ደመወዝ መጨመር ነው። የ7,020 ብሩን ክፍተት በደመወዝ ለመድፈን 7,020 በ0.58 ተካፍሎ 12,103 ብር ጭማሪ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ሲታከል የፋብሪካው ወጪ በወር 13,434 ብር ይደርሳል። አሠሪው ከሚያወጣት ብር ሠራተኛው ኪስ የምትገባው 52 ሳንቲም ያህል ናት።

በአንጻሩ ፋብሪካው ለሚስቱ በወር የተጣራ 7,000 ብር ገደማ የምታገኝበት ሥራ በራሱ ሒሳብ ክፍል ወይም በሚያውቃቸው ድርጅቶች ቢያፈላልግ ክፍተቱ ያለ ተጨማሪ ደመወዝ ሊዘጋ ይችላል። ለሙከራው ጊዜ ማረፊያ መስጠት፣ የዕቃ ማጓጓዣውን አንድ ጊዜ መሸፈን፣ ልጆቹ የሚማሩበትን ትምህርት ቤትና የማስተማሪያውን ቋንቋ አጣርቶ መንገር፣ እነዚህ ከደመወዝ ጭማሪ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ። ሠራተኛ የሚያቆየውም ይኸው ነው። ብዙ ቀጣሪዎች መሐንዲሱን ብቻ ይቀጥራሉ፤ የሚለቀው ግን ቤተሰቡ ነው።

የሰመራው ተቋራጭም የሚማረው አለው። የበረሃ አበሉን 2,000 ብር ከመጨመር ይልቅ ደመወዙን ቀኑን ጠብቆ መክፈል፣ ወደ ቤት የሚያስሄደውን ፈቃድ በጽሑፍ ማስፈር፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሠራተኛውን ወደሚቀጥለው ሥራ እንደሚወስደው አስቀድሞ መንገር ከብሩ የበለጠ ይስባል። ከላይ እንዳየነው የሰመራው ደብዳቤ ደካማ ጎን የብሩ ማነስ አይደለም፤ ከ18ኛው ወር በኋላ ያለው ጨለማ ነው።

አባትና ልጅ ሒሳቡን የጨረሱት ወደ ማታ ነበር። በማግሥቱ ልጁ ለሁለቱም ቀጣሪዎች ደወለ። ለሐዋሳው ለሙከራው ጊዜ ማረፊያና ለባለቤቱ የሥራ ዕድል እንዲያፈላልጉ ጠየቀ። ለሰመራው የዕረፍቱ ዙርና የደመወዙ ቀን በውሉ እንዲገባ ጠየቀ። ለመልሱም አንድ ሳምንት ሰጣቸው፤ ያለበትን ሥራም አልለቀቀም። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ የሐዋሳው መልስ ሰጥቷል፤ ማረፊያውን ፈቅዶ የባለቤቱን የትምህርት ማስረጃ እንዲልክ ጠይቆታል። ከሰመራው እስካሁን የተሰማ ነገር የለም።

አባት ሱቃቸውን እየከፈቱ፣ “እኔ ብልጫ የሰጠህን ያዝ አልኩህ። ብልጫው የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር” አሉት። ልጁም፣ “እኔም እሷን ሳልጠይቅ አላውቅም ነበር፣ አባዬ” ሲል መለሰላቸው።